ክኒኑን ያልጠየቀ ጥናት፦ ስለ ቆረቆር ሕክምና ምርምሮች የቀረበ ሂስ

ከሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቄ በወጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ እሠራበት በነበረ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንዲት እናት የ7 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ለሁለተኛ ጊዜ ወደ እኔ መጡ። ልጁ ቆረቆር ነበረበት። ከስምንት ሳምንት በፊት ግሪሲዮፉልቪን አዝዤለት ነበር። ራሱ ግን እንደ በፊቱ ቅርፊት ለብሷል፤ ፀጉሩም ከሥሩ እየተቆረጠ ጥቋቁር ነጥቦች ብቻ ይታያሉ። በካርዱ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አልወሰደም» ብዬ ጻፍሁ። እናቱ የጻፍሁትን ባያነቡም ከፊቴ የተረዱት ይመስለኛል። ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረች ወረቀት ፈትተው በቢላዋ የተቆራረጡ የክኒን ስባሪዎችና ብናኝ ዱቄት አሳዩኝ። «ዶክተር፣ አንድ ቀን እንኳ አላጓደልሁም፤ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሳይሄድ በሻይ ነው የምሰጠው» አሉኝ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። እኔም ያንኑ ማዘዣ ደግሜ ጻፍሁና፣ በካርዱ ላይ ያሰፈርሁትን ሳላርም አሰናበትኋቸው።

በዚያ ዕለት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባኝ ነበር። በክኒኑ ውስጥ ያለው መድኃኒት ምን ያህል የደቀቀ ነው? ልጁ የዋጠው ስባሪ ስንት ሚሊግራም ይይዛል? ከምንስ ምግብ ጋር ተወሰደ? አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው፤ በማንም ላይ አላላክከውም። ይሁንና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ስለ ቆረቆር ሕክምና የተጻፉትን ሳገላብጥ፣ እነዚህን ጥያቄዎች የዘነጋሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ ተገንዝቤአለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው፤ የቆዳ ሕመምን የሚመረምረው ክሊኒካዊ ጥናትና ክኒን መሥራትን የሚመረምረው የፋርማሲ ጥናት ተለያይተው በመጓዛቸው በሽተኛው የሚከፍለውን ዋጋ ማመልከት። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጨረር ወደ ክኒን

ቆረቆርን ዛሬ እንደ ቀላል ሕመም የምናየው ክኒን ስላለ ነው። ፈንገሱ በፀጉሩ ሥርና ግንድ ውስጥ ስለሚኖር የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም። መድኃኒቱ በአፍ ተወስዶ፣ በደም በኩል አልፎ፣ አዲስ በሚበቅለው ፀጉር ውስጥ መግባት አለበት። ክኒን ከመገኘቱ በፊት ከነበሩት ሕክምናዎች አንዱ የልጁን ፀጉር በራጅ ጨረር ማርገፍ ነበር። በእስራኤል በዚህ መንገድ ከታከሙት ልጆች አብዛኞቹ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የገቡ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። ሞዳንና ባልደረቦቹ በ1974 ባሳተሙት ጥናት ጨረር ከወሰዱት መካከል ከ10,000 በላይ የሆኑትን ተከታትለው፣ የአንጎል ዕጢና የታይሮይድ ካንሰር ካልታከሙት ይልቅ በዝቶ እንደታየባቸው አስረዱ። የአገሪቱም ፓርላማ በ1994 ለተጎጂዎች የካሳ ሕግ አውጥቷል። ስለዚህ «ቆረቆር እኮ ነው» ብሎ ማቃለል ታሪኩን መርሳት ነው።

ግሪሲዮፉልቪን በ1939 ኦክስፎርድ፣ ሬይስትሪክና ሲሞናርት ከአንድ የፔኒሲሊየም ሻጋታ ለይተው ያወጡት ንጥረ ነገር ነው። ለሃያ ዓመት ያህል ለሰው ሕክምና ሳይውል ቆየ። በ1958 ጄንትልስ ለጊኒ ፒጎች በአፍ ሰጥቶ የቆዳ ፈንገስን እንደሚያድን ካሳየ በኋላ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ለሰው ሕክምና ዋለ። የጨረሩም ዘመን አከተመ። ይህ መድኃኒት ዛሬም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

ሁለት የተዘነጉ ጥናቶች

ግሪሲዮፉልቪን በውኃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው። አንዴ ከሟሟ በአንጀት ግድግዳ ለማለፍ አይቸገርም፤ ያልሟሟው ግን ምንም ሳይሠራ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ይህን ጠባዩን በሚገባ ያሳዩት ሁለት የቆዩ ጥናቶች ናቸው። የመጀመሪያው ክራውንስ በ1961 ያሳተመው ሲሆን፣ መድኃኒቱ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን በእጅጉ እንደሚጨምር አመለከተ። ሁለተኛው አትኪንሰንና ባልደረቦቹ በ1962 ያቀረቡት ነው። የዱቄቱ ቅንጣት በደቀቀ ቁጥር ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት ይጨምራል። በዚህም ምክንያት የሚታዘዘውን መጠን ወደ ግማሽ ያህል መቀነስ ተቻለ። አሞሌ ጨው በወጥ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ የተፈጨው ደግሞ ቶሎ እንደሚሟሟ ማለት ነው፤ በክብደት አንድ ቢሆኑም በሥራቸው አንድ አይደሉም።

በእኔ አስተያየት ስለዚህ መድኃኒት ከተጻፉት ሁሉ ለሕክምና ባለሙያ እጅግ የሚጠቅሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ክኒኑን እንደ ተዘጋ ሳጥን አላዩትም፤ ውስጡን ከፍተው ከሰው ደም ጋር አገናኙት። የእነርሱ ውጤት ማይክሮሳይዝና አልትራማይክሮሳይዝ የተባሉት ሁለት ዓይነት ዝግጅቶች በተለያየ መጠን እንዲታዘዙ አድርጓል። በሕፃናት ሕክምና መመሪያዎች ማይክሮሳይዙ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም፣ አልትራማይክሮሳይዙ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ይታዘዛል። እንግዲህ በማዘዣ ወረቀት ላይ «ግሪሲዮፉልቪን» ብሎ ሚሊግራሙን ብቻ መጻፍ ግማሽ ትእዛዝ ነው። በሳይንሳዊ ጽሑፍ ውስጥም እንደዚሁ ብቻ ከተጻፈ ግማሽ ዘገባ ነው።

ትልቁ ሙከራ ምን አየ? ምን ሳያይ ቀረ?

በቆረቆር ሕክምና ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች ትልቁ ኤሌውስኪና ባልደረቦቻቸው በ2008 ያሳተሙት ነው። ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ከ1,500 በላይ ልጆች በዕጣ ተመድበው፣ አንዳንዶቹ ተርቢናፊን፣ ሌሎቹ ግሪሲዮፉልቪን ለ6 ሳምንት ወሰዱ። ውጤቱን የሚገመግመው ሐኪም የትኛው ልጅ የትኛውን እንደወሰደ አያውቅም ነበር። የፈንገሱ መጥፋትም በዐይን ግምት ሳይሆን በቤተ ሙከራ ተረጋገጠ። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ሙሉ በሙሉ የዳኑት በተርቢናፊን 45.1 በመቶ፣ በግሪሲዮፉልቪን 39.2 በመቶ ሆኑ።

ይህን ውጤት ጠቅሰው ተርቢናፊን ይበልጣል ብለው የሚደመድሙ ብዙዎች ናቸው። ዘገባውን በጥሞና ያነበበ ግን ሦስት ነገሮችን ያስተውላል።

አንደኛ፣ የበላይነቱ እንደ ፈንገሱ ዓይነት ይለያያል። ትራይኮፋይተን ቶንሱራንስ በተባለው ላይ ተርቢናፊን በለጠ። ማይክሮስፖረም ካኒስ በተባለውና ብዙውን ጊዜ ከድመትና ከውሻ በሚመጣው ላይ ግን ግሪሲዮፉልቪን ተሻለ። በኢትዮጵያ ልጆች ራስ ላይ በብዛት የሚገኘው ሌላው ዘመዳቸው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ነው። ይህ ፈንገስ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በፀጉሩ ግንድ ውስጥ የሚራባና ጥቋቁር ነጥቦችን የሚያሳይ በመሆኑ ጠባዩ ለቶንሱራንስ ይቀርባል። ስለዚህ ለእኛ ልጆች ተርቢናፊንን መመኘት ምክንያት የለሽ አይደለም። ነገር ግን ከአሜሪካ ከተሞች በአብዛኛው የተሰበሰበን ውጤት በቀጥታ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያችን ማምጣት ጥንቃቄ ይሻል።

ሁለተኛ፣ ግሪሲዮፉልቪኑ የተሰጠው በቀን ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ነበር። ይህ ከላይ ከጠቀስሁት የማይክሮሳይዝ መጠን ያነሰ ነው። ያነሰ መጠን ከተሰጠው ተወዳዳሪ ጋር ተሽቀዳድሞ ማሸነፍ የሚያኮራ ድል አይደለም። የጊዜውም ርዝመት ቢሆን 6 ሳምንት ነው፤ በግሪሲዮፉልቪን ግን ብዙ ሐኪሞች ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያክማሉ። በሁለቱም ወገን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች ሙሉ በሙሉ አለመዳናቸው ራሱ ሊያሳስበን ይገባል።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር፣ ልጆቹ የወሰዱት ክኒን አልነበረም። ተርቢናፊኑ በምግብ ላይ የሚነሰነሱ ጥቃቅን እንክብሎች፣ ግሪሲዮፉልቪኑ ደግሞ ተበጥብጦ የሚጠጣ ፈሳሽ ነበር። ለተርቢናፊኑ እንክብሎች የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2007 ፈቃድ ሰጥቶ ነበር፤ በኋላ ግን ከገበያ ወጥተዋል። ለሐኪሙ የቀረው ለአዋቂ የተሠራው የ250 ሚሊግራም ክኒን ነው። በዚህ ክኒን የሚታከም ከ20 ኪሎ በታች የሆነ ልጅ በብዙ መመሪያዎች መሠረት ሩቡን፣ ማለትም 62.5 ሚሊግራም ይወስዳል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የእኔ ታካሚ 18 ኪሎ ይመዝን ነበር። የክኒኑ ሩብ ለእርሱ በኪሎ 3.5 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። በሙከራው ውስጥ ያሉት ልጆች የወሰዱት ግን በኪሎ ከ5 እስከ 8 ሚሊግራም ነው። ለእንክብሎቹ በተሰጠው ፈቃድ መሠረትም ከ25 ኪሎ በታች የሆነ ልጅ 125 ሚሊግራም፣ ማለትም የሩቡን እጥፍ ይወስድ ነበር። እንግዲህ «ተርቢናፊን እንደሚያድን በሙከራ ተረጋግጧል» ብለን የሙከራውን ግማሽ መጠን ስንሰጥ፣ የጠቀስነው ማስረጃና የሰጠነው መድኃኒት አይተዋወቁም።

ይህ የተመራማሪዎቹ ጥፋት ብቻ አይደለም። እነርሱ ዝግጅቱንና መጠኑን በግልጽ ጽፈዋል። ጥፋቱ ውጤቱን ስንጠቅስ መቶኛውን ይዘን ዝግጅቱን የምንጥለው የእኛ የአንባቢዎቹ ነው።

ቡላውና ፓራሲታሞሉ

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንለፍ። በአገራችን የፋርማሲ ምርምር ውስጥ የምንኮራበት አንድ መስክ አለ፤ ይኸውም ለክኒን መሥሪያ የሚሆኑ አገር በቀል ስታርቾችን ማጥናት ነው። ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረ ማርያምና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ ከእንሰት የሚገኘውን ስታርች፣ ቡላ እያልን የምንመገበውን ማለት ነው፣ ለክኒን ማጣበቂያነትና ክኒኑ በሆድ ውስጥ እንዲፈርስ ለማድረግ ያለውን ብቃት መርምረዋል። ከድንች ስታርች ጋር ሲነጻጸር የማጣበቅ ኃይሉ የተሻለ፣ የማፍረስ ኃይሉ ግን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሥራው ጥንቁቅ ነው። ስታርችን ከውጭ ለሚያስመጣ የመድኃኒት ፋብሪካም ትርጉሙ ግልጽ ነው።

ሂሴ የሚያተኩረው ከዚያ ወዲህ ይህን ፈለግ ተከትለው በሚጻፉት በርካታ ጥናቶች ልማድ ላይ ነው። ስታርቹ ከሥር ወይም ከፍሬ ይወጣል። ከዚያም ብዙውን ጊዜ ከፓራሲታሞል ጋር ይጠፈጠፋል። ፓራሲታሞል የሚመረጠው ዱቄቱ በራሱ በቀላሉ የማይጣበቅ በመሆኑ የማጣበቂያውን ኃይል በደንብ ስለሚፈትን ነው፤ ይህ ተገቢ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ጥንካሬው፣ ሲንከባለል የሚረግፈው መጠን ከ1 በመቶ አለማለፉ፣ የሚፈርስበት ደቂቃና የመሟሟቱ ፍጥነት ይለካል። ከዚያ «ይህ ስታርች ለክኒን መሥሪያ ተስፋ ሰጪ ነው» ተብሎ ይደመደማል። ጥናቱ እዚያ ያበቃል። ክኒኑ የማን እንደሆነ፣ ማን ቆርሶ ለማን እንደሚሰጠው የሚጠይቅ የለም።

በውኃ ውስጥ በቀላሉ ለሚሟሟ መድኃኒት ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። እንደ ግሪሲዮፉልቪን ላለው ግን ጥያቄው ሁሉ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የማጣበቅ ኃይሉ ከፍ ያለ፣ የማፍረስ ኃይሉ ዝቅ ያለ ስታርች ለአንዱ መድኃኒት በረከት፣ ለሌላው ደግሞ እንቅፋት ሊሆን ይችላል። የመሟሟት ፍተሻውም የራሱ ገደብ አለው። በአሜሪካ ፋርማኮፒያ መሠረት የግሪሲዮፉልቪን ክኒን የሚፈተሸው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የተባለ ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር በተጨመረበት ውኃ ውስጥ ነው፤ በንጹሕ ውኃ አይሟሟምና። በሰው አንጀት ውስጥ ይህን ሥራ የሚያግዘው ሐሞት ነው። ሐሞት ደግሞ በብዛት የሚፈስሰው ቅባት ሲበላ ነው። ስለዚህ በፋብሪካ ፍተሻውን ያለፈ ክኒን ባዶ ሆዱን ሻይ በጠጣ ልጅ ውስጥ ላይሟሟ ይችላል። ፍተሻው ስለ ክኒኑ ይናገራል እንጂ ስለ ቁርሱ አይናገርም።

ስለ መቁረስም እንደዚሁ ነው። የአውሮፓ ፋርማኮፒያ ለመቆረስ ተብሎ መስመር ለተሰመረበት ክኒን ፍተሻ ደንግጓል። 30 ክኒኖች ተቆርሰው ከእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ይመዘናል፤ ከአማካዩ ከ85 እስከ 115 በመቶ ካለው ወሰን መውጣት የሚፈቀደው ለአንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ከ75 እስከ 125 በመቶ ካለው ወሰን ግን አንድም እንዲወጣ አይፈቀድም። ይህ መስመር ባለው ክኒን ላይ በጥንቃቄ ሲሠራ ነው። አንድ መስመር ብቻ ያለውን ክኒን እናት በሽንኩርት ቢላዋ አራት ቦታ ስትቆርሰው ምን እንደሚሆን፣ ስንቱ በወረቀቱ ላይ ብናኝ ሆኖ እንደሚቀር፣ በእኛ አገር ስታርች የተሠራ ክኒንስ ሲቆረስ እንዴት እንደሚሆን መለካት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጥሩ ሚዛን ይበቃዋል። ለአንድ የፋርማሲ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት የሚሆን፣ ውጤቱም በነጋታው በጤና ጣቢያ የሚሠራበት ጉዳይ ነው።

ቅባትና ጾም

በውጭ አገር መጻሕፍት ግሪሲዮፉልቪን ከወተት ወይም ከአይስክሬም ጋር ይሰጥ የሚል ምክር እናነባለን። በእኛ አገር ይህ ምክር ትርጉም ያስፈልገዋል። የስምንት ሳምንት ሕክምና 56 ቀን ነው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሕክምናው በጾሙ መግቢያ የተጀመረለትና ዕድሜው ለጾም የደረሰ ልጅ ከጥቂት ቀናት በቀር ወተትም ቅቤም ሳይቀምስ ሊጨርሰው ይችላል። እናትን «ጾሙን ያስፈቱት» ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜም ከሐኪሙ ያርቃቸዋል። መፍትሔው በወጥ ቤታቸው ውስጥ አለ። ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝና የምግብ ዘይት ሁሉም ቅባት ናቸው። መድኃኒቱ ከጠዋቱ ሻይ ተነሥቶ በዘይት ከተሠራው የቀኑ ዋና ማዕድ ጋር ቢሰጥ፣ ወይም ከለውዝ ቅቤ ጋር ቢቀርብ ጾሙም ሕክምናውም አይፈርስም። ይህ ምክር ከክራውንስ ጥናት ጋር የሚስማማ፣ ለማንም ወጪ የማያስከትል ነው። ሆኖም ቆረቆርን በተመለከተ በየትምህርት ቤቱ ተካሂደው የታተሙት በርካታ የስርጭት ጥናቶቻችን የሕመሙን ብዛት ይነግሩናል እንጂ፣ ልጁ መድኃኒቱን ከምን ጋር እንደዋጠ አይነግሩንም።

ምን እንጠይቅ?

ሂስ ያለ ሐሳብ ወቀሳ ብቻ ስለሚሆን፣ ለሥራ ባልደረቦቼ የሚከተለውን አቀርባለሁ።

ስለ ቆዳ ኢንፌክሽን ሕክምና የሚወጣን ጥናት ስናነብ ከመቶኛው በፊት አራት ነገሮችን እንፈልግ፤ ፈንገሱ የትኛው ነው? መድኃኒቱ በምን ዓይነት ዝግጅት ቀረበ? ለአንድ ኪሎ ክብደት ስንት ሚሊግራም ደረሰ? ከምን ምግብ ጋር ተወሰደ? ከአራቱ አንዱ ከጎደለ፣ ውጤቱ ለእኛ ታካሚ እንደሚሠራ በእርግጠኝነት መናገር አንችልም።

የክኒን ምርምር የሚያካሂዱ ባልደረቦቻችን ደግሞ ከፓራሲታሞል ቀጥሎ በአገራችን ልጆች የሚፈለግ፣ በቀላሉ የማይሟሟ አንድ መድኃኒት ቢመርጡ፣ ከጥንካሬውና ከመፍረሱ ሌላ የመቆረስ ፍተሻ ቢጨምሩ፣ የሙከራውንም ክኒን ለአዋቂ ሳይሆን ለ18 ኪሎ ልጅ በሚሆን መጠን ቢሠሩት ድካማቸው እስከ ታካሚው ይደርሳል። የመጽሔት ገምጋሚዎችም የፋርማሲውን ጽሑፍ ለፋርማሲስት ብቻ፣ የክሊኒኩን ለሐኪም ብቻ ከመላክ ይልቅ አንዱን ለሌላው ቢያሳዩት፣ ከላይ ያነሣኋቸው ጥያቄዎች ከኅትመት በፊት ይነሡ ነበር።

በጤና ጣቢያ ያለን ደግሞ ሕክምናው ሳይሠራ ሲቀር «አልወሰደም» ብለን ከመጻፋችን በፊት ክኒኑን አስመጥተን እንየው። ማሸጊያውን እናንብብ፤ እንዴት እንደሚቆርሱት ያሳዩን፤ በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር እንደሚሰጡት እንጠይቅ። በቤት ውስጥ ሌላ ልጅ ቆረቆር እንዳለበትም እንመልከት፤ ታክሞ የዳነ ልጅ ከወንድሙ መልሶ ሊይዘው ይችላልና። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እነዚያ እናት ለሦስተኛ ጊዜ አልተመለሱም። ልጁ ይዳን አይዳን አላውቅም። የማውቀው በካርዱ ላይ የጻፍሁት ዐረፍተ ነገር ትክክል እንዳልነበር ነው። ወረቀቷን ፈትተው ባሳዩኝ ጊዜ ማስረጃው ሁሉ በእጃቸው ነበር፤ የተቆረሰው ክኒን፣ የረገፈው ዱቄት፣ የጠዋቱ ሻይ። እርሳቸው ያላጓደሉትን እኔ ሳልጠይቅ አጓደልሁት።